ከገና በፊት ነው ወይስ ከገና በኋላ የተወለደው? «ከ17 ዓመት በታች» የሚባለው የኳስ ሕግ በቀላል አማርኛ

«መምህር፣ የልጄ ዕድሜ ይፈቅድለታል ወይ?» ያሉኝ እናት ከደንበጫ ማለዳ ተነሥተው ነው ደብረ ማርቆስ የደረሱት። ልጃቸው ከጎናቸው ቆሟል። ግራ እግረኛ የመስመር አጥቂ ነው፤ ፈጣን፣ ኳስ ከእግሩ የማትለየው ልጅ። ለታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ምልመላ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ነው የመጡት። ሁለት ወረቀት ይዘዋል፦ አንዱ የልደት ካርድ፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የክርስትና ምስክር ወረቀት።

የልደት ካርዱ «ጥር 21 ቀን 2001» ይላል። የክርስትናውን ወረቀት ሳየው እዚያም ያው ጥር 21 ነው። ያ አጠራጠረኝ። በተወለደበት ቀን ክርስትና የሚነሣ ልጅ የለም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። «እናቴ፣ ልጁን የወለዱት ከገና በፊት ነው ወይስ ከገና በኋላ?»

«ኧረ ከገና በፊት ነው! ለገናማ አራስ ነበርኩ» አሉኝ።

ልጁ ጥያቄው ለምን እንደመጣ አልገባውም። ለብዙ ወላጅ አይገባም፤ ለብዙ የፕሮጀክት አሠልጣኝም ጭምር። የዕድሜ ነገር በተነሣ ቁጥር እዚህ ሜዳ ዳር የምሰማው ክርክር አብዛኛው ሕጉን ካለማወቅ የሚመጣ ስለሆነ፣ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ የፈረንጅ ወር ከጠራሁ ዓመቱም የፈረንጅ ነው፣ የእኛን ወር ከጠራሁ ዓመቱም የእኛ ነው።

«ከ17 በታች» ማለት 17 ዓመት ያልሞላው ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ግራ መጋባቱ ከስሙ ነው የሚጀምረው።

ፊፋ ለታዳጊዎች የዓለም ዋንጫ የሚያየው ልጁ ስንት ዓመት እንደሞላው ሳይሆን በየትኛው ዓመት እንደተወለደ ነው። ስሌቱ አጭር ነው። ውድድሩ ከሚካሄድበት የፈረንጆች ዓመት ላይ 17 ይቀነሳል። የሚወጣው ዓመት የመጀመሪያዋ ቀን፣ ጃንዋሪ 1፣ መስመሩ ናት። በዚያች ቀን ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ይጫወታል። ከዚያ በፊት የተወለደ አይጫወትም። በፈረንጆቹ 2025 ኳታር ላይ ለተካሄደው ውድድር መስመሩ ጃንዋሪ 1፣ 2008 ነበር። ለ2026ቱ ደግሞ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ነው።

አሁን ልብ በሉ። ጃንዋሪ 1፣ 2008 የተወለደ ልጅ 17 ዓመት የሞላው ገና 2025 እንደገባ ነው። ውድድሩ የተካሄደው ኖቬምበር ላይ ስለሆነ፣ ሜዳ ሲገባ 18 ሊሞላው ሁለት ወር ገደማ ነው የቀረው። ሆኖም ሕጋዊ ነው። ከእሱ በአንድ ቀን የሚበልጠው፣ ዲሴምበር 31፣ 2007 የተወለደው ልጅ ግን አይችልም። ስለዚህ የሕጉን ትክክለኛ ትርጉም በአማርኛ ብናስቀምጠው «በውድድሩ ዓመት ውስጥ 18 ዓመት የማይሞላው» ማለት ነው።

ከ20 ዓመት በታችም ያው ነው። በ2025 ቺሊ ላይ ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ መስመሩ ጃንዋሪ 1፣ 2005 ነበር። የኦሊምፒክ የወንዶች እግር ኳስ ደግሞ ከ23 በታች ነው ይባላል፤ ሦስት ተጫዋቾች ብቻ ከዚያ በላይ ቢሆኑ ይፈቀዳል። የቶኪዮው ኦሊምፒክ በኮሮና ምክንያት ከ2020 ወደ 2021 ሲገፋ የትውልድ መስመሩ አልተገፋም፤ ጃንዋሪ 1፣ 1997 ላይ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ 24 ዓመት የሞላቸው ልጆች «ከ23 በታች» በሚባል ውድድር ላይ ያለ ምንም ጥፋት ተጫወቱ። ስሙ መጠሪያ ነው፤ የሚሠራው ቀኑ ነው።

እኔ ለልጆቹ የማስረዳቸው በዓባይ ነው። ከደጀን ወርዶ ዓባይን ያልተሻገረ ሰው ጎጃም ነው ያለው። የተሻገረ ሸዋ ገብቷል። ከውኃው አንድ ክንድ ርቆ ቢቆምም፣ ደብረ ማርቆስ ቤቱ ቁጭ ቢልም፣ ሁለቱም ጎጃም ናቸው። የዕድሜው መስመርም እንደዚያ ነው። በአንድ ቀን የተበለጠና በሦስት ዓመት የተበለጠ በሕጉ ፊት እኩል ናቸው።

መስመሩ በእኛ አቆጣጠር የት ላይ ይውላል?

ጃንዋሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ 23 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 22 ይሆናል።

ይህን በቃል መያዝ ለሚያስቸግረው ቀላል መንገድ አለ። የእኛ ገና ምንጊዜም በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ላይ ነው የሚውለው። በዘመነ ዮሐንስ ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 የሚመጣውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ጃንዋሪ 1 ከጃንዋሪ 7 ስድስት ቀን ይቀድማል። ስለዚህ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስም ይሁን ዘመነ ዮሐንስ፣ መስመሩ ከገና ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። እናቶችን ስለ ገና የምጠይቀው ለዚህ ነው። ቀን የረሳች እናት ለገና አራስ መሆኗን ወይም ሆዷ ገፍቶ እንደነበር አትረሳም። ልጁ የተወለደው በዋዜማዋ ሳምንት ከሆነ ግን ቀኑን አንድ በአንድ መቁጠር ግድ ነው።

ከዚህ የሚመጣው ነገር ብዙ ሰው ያጣላል። ሁለት የአንድ ክፍል ጓደኛሞችን አስቡ። አንዱ ጥቅምት 2001፣ ሌላው ጥር 2001 ተወለዱ። ለእኛ ሁለቱም «የ2001 ልጆች» ናቸው። በፈረንጆቹ ግን የመጀመሪያው የ2008፣ ሁለተኛው የ2009 ልጅ ነው። ለ2026ቱ ከ17 በታች ውድድር በጥር የተወለደው ይገባል፣ በጥቅምት የተወለደው አይገባም። አንድ አባት «የእገሌን ልጅ ወስዳችሁ የእኔን የጣላችሁት በዘመድ ነው» ብለው ሜዳ መሀል ሲቆጡ አይቻለሁ። አልፈርድባቸውም፤ አዲስ ዓመት መስከረም ላይ በሚገባበት አገር ታኅሣሥ መሀል ላይ ሌላ ዓመት እንደሚገባ ማን ነግሯቸው?

ለማስታወስ ያህል፦ ለ2026ቱ ከ17 በታች መስመሩ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ነው። ለ2027ቱ ታኅሣሥ 23 ቀን 2002። ለ2027ቱ ከ20 በታች ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 1999።

7 ነው ወይስ 8 የሚደመረው?

ሁለቱም። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ መስመሩ ዋዜማ ድረስ ለተወለደ ልጅ 7 ይደመራል። ከመስመሩ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተወለደ 8። ይህን የማያውቅ ሰው ቅጽ ሲሞላ ነው ጉዳት የሚመጣው። ለሁሉም 8 የሚደምር ከሆነ የጥቅምት 2001ን ልጅ በስህተት የ2009 ያደርገዋል፤ ልጁ ሳያጭበረብር አጭበርባሪ ይሆናል። ለሁሉም 7 የሚደምር ከሆነ ደግሞ የጥር 2001ን ልጅ ወደ 2008 ይወስድና መብቱን ይነጥቀዋል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ሳይቀየር «2001» ተብሎ እንግሊዝኛው ቅጽ ላይ ይገባል። ያ ልጅ በአንድ ጊዜ በስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው።

ልደቱ ያልተመዘገበ ልጅ ቀኑ በምን ይታወቃል?

ይሄኛው ዋናው ስለሆነ ቆየት እንበልበት።

በአገራችን የልደት ምዝገባ በወሳኝ ኩነት ሥርዓት በይፋ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው ተመዝግቦ የተገኙት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። አሁን ለታዳጊ ቡድን የሚፈለጉት ልጆች ደግሞ የተወለዱት በ2001ና በ2002 ነው። ምዝገባው ሲጀመር የስድስት የሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ ማለት ነው፤ ከብት ይጠብቃሉ ወይም አንደኛ ክፍል ገብተዋል። የልደት ካርዳቸው የወጣው ኋላ፣ ለፈተና ወይም ለፓስፖርት ወይም ለኳስ ሲፈለግ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ ያለው ቀን ትክክል የሚሆነው ያን ጊዜ የተጠየቀው ሰው በትክክል ካስታወሰና የጻፈውም በትክክል ከሰማ ብቻ ነው።

«የገጠር እናት ቀን አታውቅም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ታውቃለች፤ የምታውቅበት መንገድ ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው ነው። «በሚካኤል ዕለት»፣ «የጥምቀት ማግሥት»፣ «ጤፍ አጨዳ ላይ» ትላለች። ሥራው ይህን ወደ ቀን መመለስ ነው፤ ትዕግሥት ካለ ደግሞ ይመለሳል።

ከዓመቱ እንጀምር። እናት ዓመተ ምሕረቱን ባታስታውስ ወንጌላዊውን ታስታውሳለች። 2001 ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ማቴዎስ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ከእሱ በፊት 1997፣ ከእሱ በኋላ 2005። የአራት ዓመት ልዩነት ደግሞ በታላቅና በታናሽ ወንድም፣ በጎረቤት ልጅ፣ በአያት ሞት በቀላሉ ይለያል። ሌላም መያዣ አለ። «ሚሊኒየሙ ሲከበር አርግዘው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መስከረም 1 ቀን 2000ን የረሳ ሰው የለም። ቀነኒሳና ጥሩነሽ ቤጂንግ ላይ እያንዳንዳቸው በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጡት ነሐሴ 2000 ላይ ነው። «ያኔ ሆዴ ገፍቶ ነበር» ካለች ልጁ የ2001 መግቢያ ልጅ ነው።

ወደ ቀኑ ስንመጣ ክርስትና ትልቅ ማስረጃ ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። የክርስትናው ቀን ከታወቀ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በ2001 ከየካቲት 2 በፊት ክርስትና የተነሣ ወንድ ልጅ ከመስመሩ በፊት ተወልዷል። ሴት ከሆነች ከመጋቢት 12 በፊት ማለት ነው። በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ክርስትናው የሚዘገይበት ወይም የሚፈጥንበት ጊዜ ስላለ እናቲቱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም።

በሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ረመዳንና አረፋ ያግዛሉ፤ እንዲያውም ለዓመቱ የበለጠ ያግዛሉ፤ ምክንያቱም በዓላቱ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሸሹ «አረፋ ኅዳር መጨረሻ ላይ የዋለበት ዓመት» ሲባል ዓመቱ ራሱ ይታወቃል። በ2001 አረፋ የዋለው ኅዳር 29 ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ተኩል ቢቆጠር መስመሩ ላይ ይደረሳል።

የማያግዘው የክፍል ደረጃ ነው። «ዘጠነኛ ክፍል ስለሆነ 15 ዓመቱ ነው» የሚለው ግምት እኛ ጋ አይሠራም። ዘግይቶ ትምህርት ቤት የገባ ብዙ ነው፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ስንት ወረዳ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ዓመት ዓመት ያህል እንደባከኑ ሁላችንም እናውቃለን።

ከደንበጫ የመጡትን እናት እንግዲህ አስቀምጬ አብረን ቆጠርን። «በሚካኤል ዕለት ወለድኩት፣ ለአስተርዮ ክርስትና ተነሣ» አሉኝ። ታኅሣሥ 12 የሚካኤል ዕለት ነው። ከታኅሣሥ 12 ጀምሮ ሲቆጠር 40ኛው ቀን ጥር 21 ነው፤ አስተርዮ ማርያም። አንዲት ቀን አልተዛነፈችም። ካርዱን የሞላው ሰው የክርስትናውን ቀን የልደት ቀን አድርጎ ነው የገለበጠው። ልጁ በትክክል የተወለደው ታኅሣሥ 12 ቀን 2001፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21፣ 2008 ነው። ካርዱ ለ2026ቱ ከ17 በታች ያስገባዋል። እውነተኛው ቀን በ11 ቀን ያስቀረዋል።

የአጥንት ምርመራው ይህን አይለይም?

አይለይም። እዚህ ላይ ነው ሰው ስለ ኤምአርአይ፣ አጥንቱ ስለሚታይበት ማሽን፣ ትልቅ የተሳሳተ ግምት ያለው።

ከብት ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ወይፈን የሚገዛ ገበሬ ሻጩን «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ አይረካም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የወተት ጥርሱ ወድቆ ስንት ጥንድ እንደበቀለ አይቶ ይወስናል። ጥርሱ ግን የተወለደበትን ቀን አይነግረውም። «ከዚህ አያንስም» ወይም «ገና ነው» ብቻ ነው የሚለው። ጥርሱ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ የአምስት ይሁን የሰባት ዓመት ለመለየት ይቸገራል።

ኤምአርአዩም የሚሠራው እንደዚያ ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ የአጥንቱ ጫፍ አካባቢ ገና ያልጠነከረ ልስልስ ክፍል አለው። ቁመት የሚጨምረው እዚያ ነው። ዕድገቱ ሲያበቃ ልስልሱ ክፍል ይጠነክርና ከቀረው አጥንት ጋር አንድ ይሆናል። ፊፋ የሚያየው በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለውን አጥንት ነው። ማሽኑ የሚሠራው በማግኔት ስለሆነ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ ጤነኛ ልጅን ለውድድር ብሎ ለጨረር ማጋለጥ ተገቢ ስላልሆነ ነው የተመረጠው። ምስሉ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። 6 ማለት ልስልሱ ክፍል ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ማለት ነው። 6 የወጣለት ልጅ ወረቀቱ ምንም ቢል ከውድድሩ ውጭ ይሆናል።

ለምን 6 ተመረጠ? በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ጥናት አለ። ከአልጄሪያ፣ ከአርጀንቲና፣ ከማሌዥያና ከስዊዘርላንድ ከ14 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 496 ወጣት ተጫዋቾች እጃቸው ታየ። 17 ካልሞላቸው መካከል አጥንቱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ 6 የወጣለት ልጅ ዕድሜው አልፏል ብሎ መገመት አስተማማኝ ነው። ፊፋ ምርመራውን በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከተካሄደው የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለው።

ግልባጩ ግን እውነት አይደለም። 5 ወይም 4 የወጣለት ልጅ ዕድሜው ትክክል ነው ማለት አይደለም። 18 እና 19 ዓመት ሞልቷቸው አጥንታቸው ገና ያልተዘጋ ብዙ ናቸው። ምርመራው የተሠራው በጣም የጎላውን ለመያዝ ነው። 11 ቀን ቀርቶ 11 ወርም ላያይ ይችላል። ሁለቱም ማጣሪያዎች ይሠራሉ፦ ወረቀቱ ካላለፈ አጥንቱ አያድንም፣ አጥንቱ ካላለፈ ወረቀቱ አያድንም።

ለሴቶችና ከ20 በታች ላሉትስ?

ይህ ምርመራ ለወንዶች ከ17 በታች ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሴት ልጆች አጥንታቸው ቀድሞ ስለሚዘጋ ያው መለኪያ ቢወሰድ ንጹሐን ልጆች ይባረራሉ። ከ20 በታች ደግሞ አብዛኛው ልጅ አጥንቱ ተዘግቶ ያለቀ ነው፤ ጥርሱ እንደሞላ በሬ፣ የሚለይ ነገር አይቀርም። በሁለቱም ላይ ያለው ማስረጃ ወረቀት ነው። የሴቶች ቡድን የምታሠለጥኑ ለዚህ ነው ቀኑን የበለጠ መጠንቀቅ ያለባችሁ።

ዕድሜ ቢቀነስ ማን ይጎዳል?

መጀመሪያ የሚጎዳው ስሙን የማንጠራው ልጅ ነው። በእውነት 15 ዓመቱ የሆነ፣ ገና ያልጠነከረ፣ በ20 ዓመት ጎልማሳ ትከሻ ተገፍቶ የሚወድቅ። አሠልጣኙ «ይሄ ልጅ ደካማ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ልጁም ያምናል፣ ኳስ ይተዋል። እኔ እንዲህ የቀሩ ልጆች በስም አውቃለሁ፤ ዛሬ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ከጋራዥ ነው። ይህን ሳስብ ነው የሚከነክነኝ።

ቀጥሎ የሚጎዳው ራሱ የቀነሰው ነው። በፊፋ የሥነ ሥርዓት ሕግ ሰነድ የሚያጭበረብር ሰው ቢያንስ 6 ጨዋታ ወይም ከ12 ወር የማያንስ እገዳ ይጠብቀዋል። ከዚያም በላይ ቡድኑን ይዞ ይወድቃል። ሜክሲኮን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 1988 ለወጣቶች የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ አራት ልጆች አሰለፈች። የተያዘችው ደግሞ በራሷ ፌዴሬሽን የዓመት መጽሐፍ ነው፤ ትክክለኛው የትውልድ ቀን እዚያ ታትሞ ነበር። ፊፋ የሜክሲኮን ብሔራዊ ቡድኖች በሙሉ ለሁለት ዓመት አገደ። የሴኡል ኦሊምፒክም የጣሊያኑ የ1990 የዓለም ዋንጫም አመለጣት። በአራት ወጣቶች የልደት ቀን ምክንያት ዋናው ቡድን ቤቱ ቀረ።

ጊኒ በፈረንጆቹ 2019 የአፍሪካ ከ17 በታች ዋንጫ ለፍጻሜ ደርሳ ነበር። ሁለት ልጆቿ ከሁለት ዓመት በፊት ጃፓን ላይ በተካሄደ ውድድር በሌላ የልደት ቀን ተመዝግበው እንደነበር ተገኘ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሰረዛት፤ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሴኔጋል ሄደች። እዚህ ላይ ያጋለጣቸው አጥንት አይደለም፤ የቀድሞ ወረቀታቸው ነው። በካሜሩን ደግሞ ፌዴሬሽኑን የሚመራው ሳሙኤል ኤቶ ከውድድር በፊት ልጆቹን ራሱ በኤምአርአይ ሲያስመረምር፣ ከ30ው 21ዱ ሳያልፉ ቀሩ። እኔ ያን ውሳኔ አከብራለሁ፤ ራስ ቀድሞ መመርመር ሌላ አገር ሄዶ ከመዋረድ ይሻላል።

ማንም ሳይዋሽስ ሕጉ የሚያበላልጣቸው የሉም?

አሉ። መስመሩ እንዳለፈ የተወለደ የጥር ልጅ እና በዚያው የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ፣ በሚቀጥለው ኅዳር የተወለደ ልጅ በአንድ ምድብ ይሰለፋሉ። ልዩነታቸው ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። በ15 ዓመት ዕድሜ አንድ ዓመት ትልቅ ነገር ነው፤ በቁመት፣ በጉልበት፣ በፍጥነት ይታያል። በዓለም ዙሪያ የታዳጊ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ የሚበዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ ምልመላ ላይ የምትቆሙ ወንድሞቼ፣ የጥርና የየካቲት ልጆችን ግዙፍነት ከችሎታ ጋር አታምታቱ። የኅዳሩን ትንሽ ልጅ አንድ ዓመት ጠብቁት።

የልደት ካርዱ ከተሳሳተ ምን ይደረጋል?

ሳይዘገይ ማስተካከል። በተለይ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) እና ፓስፖርት ከማውጣቱ በፊት። አንዴ ስሙና ቀኑ በፌዴሬሽንና በውድድር መዝገብ ላይ ከገባ፣ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ሁሉ እንደ ማጭበርበር ነው የሚታየው፤ እውነተኛ እርማት ቢሆን እንኳ። ለማስተካከል የሚረዱት የክርስትና ወረቀት፣ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ካለ ደግሞ የጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ ነው። ከሁሉም በፊት የወጣው ወረቀት ከሁሉም የበለጠ ይታመናል፤ ስለ ኳስ ያልታሰበበት ጊዜ የተጻፈ ነውና። የተመዘገበ ቀን ሲቀየር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ስለሚችል ጊዜ ይወስዳል፤ ወረቀቱን አሟልቶ መሄድ ነው።

ለእናቲቱ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ልጁ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ «ካርዱ እኮ ማኅተም አለው» አለ በቀስታ። እውነቱን ነው፤ አለው። አጥንቱም ላያጋልጠው ይችላል። እናቱ ግን ዞር ብለው አዩትና «በሚካኤል ዕለት የወለድኩህን ልጅ ለአስተርዮ አልሰጥህም» አሉት። ሌላ አልተናገሩም።

በሳምንቱ ከደብሩ አስተዳዳሪ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። የልደቱም የክርስትናውም ቀን ለየብቻ ተጽፎበታል። የማስተካከያው ማመልከቻ ገብቷል፤ መልሱን እየጠበቁ ነው። ለ2026ቱ ከ17 በታች ልጁ አይደርስም። ለ2027ቱ ከ20 በታች ግን መስመሩ ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ተርፎት ይገባል። አሁን ከእኛ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን ይለማመዳል። ቀኝ እግሩን እያሠራነው ነው።